እስክስታ፣ ትንፋሽና መቀነት

በደሴና በኮምቦልቻ ፒላቴስና ዮጋ፣ ማለትም ትንፋሽን ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር የሚያስተሳስሩ ልምምዶችን አስተምራለሁ። ወደ እኔ ከሚደውሉ ሰዎች አብዛኞቹ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ቦርጭ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው “እኔ እንኳ ወፍራም ነኝ፣ ወገቤንም ያመኛል፤ ይሆነኛል ብለሽ ነው?” የሚለው ነው። ለመጀመሪያው አጭር መልስ አለኝ፤ የሆድ እንቅስቃሴ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። ሰውነት ስብ ሲጠቀም ከየትኛው ክፍል እንደሚያወጣ የሚወስኑት ሆርሞን፣ ውርስና ጾታ ናቸው እንጂ በዚያ ሰዓት የደከመው ጡንቻ አይደለም። ቦርጭ ለማጥፋት ብቻ የሚመጣ ሰው ይህንን ገንዘቡን ሳይከፍል እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ያሳዝነኛል። ወገቡን የሚያመው ሰው “ይሆነኛል ወይ?” ብሎ የሚፈራው ፒላቴስንና ዮጋን ያወቃቸው በስልክ ሥዕል ስለሆነ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ቆማ እግሯን ከጭንቅላቷ በላይ የምትሰቅል ቀጭን ሴት አይቷል። ያ ሥዕል ነገሩን ገልብጦታል። ሁለቱንም ዛሬ በምናውቃቸው መልክ በመቅረጽ ትልቅ ድርሻ የነበራቸው፣ በልጅነታቸው በሕመም የተንገላቱ ሰዎች ናቸው።

ጆሴፍ ፒላቴስ እ.ኤ.አ. በ1883 በጀርመን ተወለደ። አስምና አጥንት የሚያጎብጠው ሪኬትስ ያሠቃዩት ልጅ እንደነበር ስለ እርሱ የሚነገረው ታሪክ ሁሉ ያነሣል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንግሊዝ አገር ነበር፤ ጀርመናዊ በመሆኑም ከአገሩ ልጆች ጋር ተይዞ የማን ደሴት (Isle of Man) በምትባለው ቦታ በካምፕ ታሰረ። እዚያ ታሳሪዎቹን እንቅስቃሴ ያሠራ ነበር፤ ከአልጋ መነሣት ላቃታቸው ደግሞ በአልጋው ላይ ሞላ እያሰረ ተኝተው እንዲሠሩ ያደርግ እንደነበር ይተረካል። በ1920ዎቹ ኒውዮርክ ገብቶ ቤት ሲከፍት፣ ጉዳት የደረሰባቸው ዳንሰኞች ደጁን አዘወተሩ። ስመ ጥሮቹ የዳንስ አቀናባሪዎች ጆርጅ ባላንሺንና ማርታ ግራሃም ዳንሰኞቻቸውን ወደ እርሱ ይልኩ ነበር።

ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ደግሞ በሕንድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1918፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ባዳረሰበት ዓመት ነው። ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ተፈራርቀውበታል። በ1930ዎቹ በማይሶር ከእህቱ ባል ከክሪሽናማቻርያ ዘንድ ዮጋ መማር የጀመረው እንዲህ የደከመ ልጅ ሆኖ ነው። አስተማሪ ከሆነ በኋላ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎኬትና ወንበር እየተጠቀመ፣ ሰውነቱ የማይታዘዝለት ሰው ሁሉ የሚሠራበትን መንገድ ፈለገ።

ይህን ታሪክ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ እነግራለሁ። የወገብ ሕመምተኛዋ እናት ስትሰማው ትከሻዋ ሲወርድ አያለሁ። እርሷ በሌላ ሰው ቤት የገባች እንግዳ አይደለችም፤ ቤቱ የተሠራው ለእንደ እርሷ ያለ ሰው ነው።

እኔ ወደዚህ ሥራ የመጣሁት በውዝዋዜ በኩል ነው። ያደግሁት ደሴ ነው፤ አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ለቅኝት በሰጡበት አገር፣ እነ ማሪቱ ለገሰ በላሊበላ ኪነት ያዜሙበት ዘመን ገና በአዋቂዎች አፍ ሳይደበዝዝ። በልጅነቴ በትምህርት ቤት ክበብ፣ በኋላም በወጣቶች ኪነት ቡድን ተወዛወዝኩ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚዮሎጂ አጠናሁ። ሰዎች ሁለቱን አራምባና ቆቦ ያደርጓቸዋል። ለእኔ ግን አንዱ ዓይኔን ሰጠኝ፣ ሌላው ዓይኔ የሚያየውን ሁሉ እንዳላምን አስተማረኝ።

የውዝዋዜ ሥልጠና የሚጠይቀው ቅርጽ ነው። አሠልጣኙ ከፊት ይሠራል፣ አንቺ ታያለሽ፣ ትደግሚያለሽ። ያልቻለች ልጅ “ሰነፍ” ትባላለች፣ ወይም “ደረቅ”። ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ ቃል ተሰብረው ሲተዉ አይቻለሁ። አናቶሚ ስማር ግን የጭን አጥንት ራስ በዳሌ አጥንት ውስጥ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ከሰው ሰው እንደሚለያይ ተረዳሁ፤ የአንዱ ጠለቅ ይላል፣ የሌላው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የጭን አጥንት አንገትም እንዲሁ አቅጣጫው ይለያያል። አጥንት ከአጥንት ሲገናኝ የሚቆም እንቅስቃሴ በልምምድ አይከፈትም። አንዷ ያለ ምንም ጥረት እግሯን አጣጥፋ የምትቀመጥበትን አቀማመጥ፣ ሌላዋ ዕድሜዋን ሙሉ ብትለማመድ ላታገኘው ትችላለች፤ ከታገለችም የሚጎዳው ጉልበቷ ነው። ጉልበት በዋናነት ለመታጠፍና ለመዘርጋት እንጂ ለመጠምዘዝ የተሠራ መገጣጠሚያ አይደለም፤ ዳሌው እምቢ ያለውን ዙር ከእርሱ መጠየቅ በደል ነው። ስለዚህ በእኔ ክፍል “እንደ እርሷ አድርጊ” የሚል ቃል የለም። ከፊት ቆሜ የማሳየውም ጥቂት ነው። አብዛኛውን ሰዓት በምንጣፎቹ መካከል እዘዋወራለሁ፣ የጎን አጥንት ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፣ የትኛው እግር ክብደት እንደሸሸ አያለሁ።

ውዝዋዜን ግን አሳንሼ እንዳልታይ። እስክስታ ያደረገ ሰው ፒላቴስ ሲጀምር ይዞት የሚመጣው ሀብት ትልቅ ነው። ክንዳችን ከግንዳችን ጋር በአጥንት የሚገናኘው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የአንገት አጥንት ከደረት አጥንት በሚጋጠምበት፣ ከጉሮሮ ሥር ባለች ትንሽ መገጣጠሚያ። ከጀርባ ያለው ሰፊው የትከሻ አጥንት በጎን አጥንቶች ላይ በጡንቻ ተይዞ ይንሸራተታል። ያንን አጥንት ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ያውም በምት ልክ ማዘዝ ለብዙ ጀማሪ የሚከብድ ነገር ነው። እዚህ ግን በሠርግና በዓውደ ዓመት ያደገች ሴት “ትከሻሽን ከጆሮሽ አርቂ” ስላት ምን እንደምል ወዲያው ይገባታል። በእጅና በጉልበት ተንበርክከን ደረትን በክንዶች መካከል ዝቅና ከፍ ስናደርግ፣ “ይህማ እስክስታ ነው!” ያለች እናት አለችኝ። ትክክል ናት።

ከትከሻው ይልቅ የምወደው ግን ትንፋሹን ነው። እስክስታው ሲግል ከጥርስ መካከል የሚወጣውን “እስ፣ እስ” የሚለውን አጭር ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተወዛዋዡ ምቱን በእርሱ ይይዛል፤ ሆዱም በእርሱ ይሠራል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። በጀርባችሁ ተኙ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ። ከፊት በኩል ጎላ ብለው የሚዳሰሱትን ሁለቱን የዳሌ አጥንቶች ፈልጉ፤ ከእነርሱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ዝቅ ብላችሁ ጣታችሁን በቀስታ አሳርፉ። አሁን “እስ” በሉ። ከጣታችሁ ሥር አንድ ነገር ጠበቅ ሲል ይሰማችኋል። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ውስጠኛው ማለት እርሱ ነው። ጭረቶቹ አግድም ናቸው፤ ከፊት ተነሥተው ወገብን እንደ መቀነት ዞረው ከኋላ ከአከርካሪ ጋር ይያያዛሉ። ክንድ ወይም እግር ከመንቀሳቀሱ በፊት በጤነኛ ሰው ላይ ቀድሞ የሚነሣው እርሱ መሆኑን፣ ወገባቸውን በተደጋጋሚ በሚያማቸው ሰዎች ላይ ደግሞ እንደሚዘገይ፣ አውስትራሊያ ውስጥ እነ ፖል ሆጅስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ምርምር አሳይተዋል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህ ጡንቻ ብቻውን የወገብ መድኃኒት እንዳልሆነ ተከራክረዋል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ትንፋሽን ከሥራ ጋር ለማስተሳሰር ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ስለዚህ ፒላቴስ መቶ ብሎ የሰየመውን እንቅስቃሴ የማስተምረው በእስክስታ ትንፋሽ ነው። ተኝተን ክንዳችንን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገን እናርገበግባለን፤ አምስት ምት ወደ ውስጥ፣ አምስት ምት ወደ ውጭ፣ ይህ አሥር ጊዜ ሲደጋገም መቶ ይሞላል። ጀማሪ ጭንቅላቱን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ እግሩንም አያነሣም። ወደ ውጭ የሚወጣውን አምስት ምት “እስ፣ እስ፣ እስ፣ እስ፣ እስ” ስንለው ክፍሉ በሙሉ ምት ይይዛል፤ ሆድን “ሳቢ፣ ሳቢ” እያልኩ መጮህ አይጠበቅብኝም።

እውነተኛው መቀነትም በክፍላችን ሥራ አለው። ባለ ሞላው የፒላቴስ ማሽን የለኝም፣ አልጓጓለትምም፤ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጣቸው 34 እንቅስቃሴዎች ሁሉ ምንጣፍ ላይ የሚሠሩ ናቸው። የዮጋ ብሎኬትና ቀበቶ ከውጭ ማስመጣትም አያስፈልግም። አራት እጥፍ የተደረገ ጋቢ ከማንኛውም ትራስ ይሻላል፤ መቀነት ደግሞ እግርን ለመሳብ ረጅምና ጠንካራ ነው። ከሁሉ በላይ የምጠቀምበት ግን ትንፋሽን ለማሳየት ነው። መቀነቱን ከጡት በታች ባሉት የጎን አጥንቶች ዙሪያ እናጠላልፈዋለን፣ ጫፎቹን ተማሪዋ ራሷ በለሆሳስ ትይዛለች። ስትተነፍስ መቀነቱን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ትገፋዋለች፤ ስታስወጣ ይላላል። ደረቷን ብቻ ወደ ላይ እያነሣች የምትተነፍስ ሴት ጀርባዋ ጭምር እንደሚተነፍስ የምታውቀው ያን ጊዜ ነው።

መቀነት ካነሣሁ አይቀር ስለ አራሶች መናገር አለብኝ። እዚህ አገር አራስ ወገቧን በመቀነት ትጠፈራለች። ልማዱን አልነቅፍም፤ ከወሊድ በኋላ የላላ ሆድና ወገብ ድጋፍ ሲያገኝ እፎይ ይላል። ነገር ግን ትንፋሽ እስኪያጥር ሲጠብቅ፣ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት መሄጃ ያጣና ወደ ታች፣ የማህፀንንና የፊኛን ክብደት ወደሚሸከሙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይጫናል። እነዚህ ጡንቻዎች በወሊድ ጊዜ ከመጠን በላይ የተለጠጡ ናቸው። ከወለዱ በኋላ ሲስሉ፣ ሲያስነጥሱ ወይም ከባድ ሲያነሡ ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች ብዙ ናቸው፤ እዚህ ግን ማንም ለማንም አይናገርም። ክፍሉ ሲያልቅ ሁሉም እስኪወጣ ጠብቀው ምንጣፍ እየጠቀለሉ ቀስ ብለው ይነግሩኛል። አንዳንዷ ለዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከዘመድ ቤት የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። “አብሽሪ፣ መፍትሔ አለው” እላለሁ፣ የምለውም ለማጽናናት ያህል አይደለም። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል የዳሌ ወለል ልምምድን እ.ኤ.አ. በ1948 ካስተዋወቀ ጀምሮ፣ ይህ ሥልጠና እስከ ዛሬ ለዚህ ችግር በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዘዝ ሕክምና ነው። ትንፋሽ ስናስገባ ከሳንባ ሥር ያለው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ዲያፍራም፣ ሲወርድ የዳሌ ወለልም ዝቅ ይላል፣ ስናስወጣ ሁለቱም ይነሣሉ። ስለዚህ ከባድ ነገር ሲነሣ ትንፋሽን ማፈን ሳይሆን ማስወጣት ነው፤ እንስራም ይሁን ጀሪካን፣ የሚተኛ ሕፃንም ይሁን። ነገሩ ካልተሻሻለ፣ ወይም ወደ ታች የሚወርድ ነገር ከተሰማ፣ ወደ ማህፀን ሐኪም እልካለሁ።

የደሴ ጠዋት ክፍሌ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። የጦሳ ተራራ በጉም እንደተሸፈነ፣ ሰው ገና ጋቢውን ሳያወልቅ። በዚያ ሰዓት ጎንበስ ብሎ ጣትን ከእግር ጣት ማገናኘት የለም፤ የጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ይሰማል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ክብደት ሲቀልላቸው ውኃ ይመጥጣሉ፣ ያብጣሉ። ጠዋት ከማታው ይልቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የምንረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። ያበጠ ዲስክ ሲታጠፍ በላዩ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ወገቧን የሚያማት እናት በነጋ ጊዜ ተነሥታ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ መጋገሯ ለምን እንደሚብስባት አሁን ይገባችኋል። የምመክረው ቀላል ነው፤ የሚቻል ከሆነ ምጣዱን ከፍ ማድረግ፣ ካልተቻለ ከአልጋ እንደተነሡ ወዲያው ወደ ምጣድ አለመሄድ። ትንሽ ይመላለሱ፣ ቡና ያፍሉ፣ ቤት ይጥረጉ፤ መጥረጊያው ግን እጀታው ረጅም ይሁን።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ተወልዶ ያደገባት ሰው አይታወቀውም። የደጋ ኢትዮጵያውያን ሰውነት ለከፍታ የሰጠው መልስ ሳይንቲስቶችን አስገርሟል፤ ሲንቲያ ቢል የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች በደም ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ያልተለየ ሆኖ ተገኝቷል። ከዐረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ግን ልዩነቱ በደንብ ይሰማቸዋል። ለዓመታት በባሕር ዳርቻ ከተሞች በሰው ቤት ሠርተው ይመጣሉ። ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ፣ ትንፋሼ ምን ሆነ ብለው ይደነግጣሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዝግታ አሠራቸዋለሁ። ትንፋሹ ይመለሳል። የሚዘገየው ወገባቸውና ጉልበታቸው ነው፤ ወለል ሲፈትጉ፣ ፍራሽ ሲያገላብጡ፣ ሽማግሌ ሲያነሡ የኖሩ ገላዎች ናቸው። እነዚህን ሴቶች ሳስተምር ከሁሉ የሚከብዳቸው መጨረሻ ላይ ያለው ዕረፍት መሆኑን አያለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተው አንዳች ነገር ሳይሠሩ መቆየት። ለእነርሱ ያንን ሰዓት አላሳጥርም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ካለፈ በኋላም እንዲሁ ያለ ነገር አይቻለሁ። በር በኃይል ሲዘጋ ትንፋሹ ቀጥ የሚል ሰው በየክፍሉ አለ። ስናስወጣ ልብ በተፈጥሮዋ ትንሽ ዘግየት ትላለች፤ የሚወጣውን ትንፋሽ ከሚገባው ማስረዘም ይህን ማረጋጋት ያጎለብታል። እኔ የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም፣ ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ሰው የምለውም ወደ ባለሙያ እንዲሄድ ነው። ነገር ግን አራት ቆጥሮ አስገብቶ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት ማንም ሰው በታክሲ ውስጥ ተቀምጦም ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።

ወደ ኮምቦልቻ የምወርደው ማምሻውን ነው። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ያወርዳል፣ ጃኬት በመንገድ ላይ ይወልቃል። ቦታው ሞቃት ስለሆነ ገላ ቶሎ ይፍታታል፤ የደሴውን ግማሽ ያህል እንኳ ማሟሟቅ አያስፈልግም። የኮምቦልቻ ተማሪዎቼ በብዛት የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፣ በተለይ በስፌት መኪና ላይ የሚውሉ ወጣት ሴቶች። የሰው ጭንቅላት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናል፤ ወደ ፊት በዘነበለ መጠን የአንገት ጀርባ ጡንቻዎች የሚይዙት ጫና ይጨምራል። እነዚህን ልጆች ማታ መጥተው ጎንበስ የሚል እንቅስቃሴ ማሠራት ግፍ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንብሰዋል። ስለዚህ በሆዳቸው አስተኝቼ ደረታቸውን ከመሬት ትንሽ ያነሣሉ፣ የተጠቀለለ ጋቢ ከጀርባቸው መካከል አድርገው ክንዳቸውን ዘርግተው ይተኛሉ፣ ከዚያ ዳሌያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ለዕረፍት ሰዓታቸው አንድ ነገር ብቻ አስይዤ እልካቸዋለሁ፤ እጅን ከጭንቅላት ኋላ አቆላልፎ፣ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ደረትን ወደ ኋላ መክፈት፣ ሦስት ረጅም ትንፋሽ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ሐጃ ወደ ጎን ወሰዱኝና “ልጄ፣ ይህ ነገር ከዲናችን ጋር አይጣላም?” አሉኝ። ብዙም ሳይቆይ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ያንኑ ጥያቄ በራሳቸው ቃል ጠየቁኝ፤ ንስሐ አባታቸውን ማማከር እንዳለባቸውም ነገሩኝ። ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤት የሚዋደድበት አገር ነው፤ በእኔ ክፍልም ሂጃብና ማተብ ጎን ለጎን ይተኛሉ። ይህን ጥያቄ በ“አይ፣ ስፖርት ብቻ ነው” ብዬ ማለፍ አልፈልግም፣ ምክንያቱም እውነቱ ከዚያ ይሰፋል። ዮጋ የመጣው ከሕንድ መንፈሳዊ ሥርዓት ነው፤ በዚያ አገር ለብዙዎች ዛሬም አምልኮ ነው። እኔ ከእርሱ የወሰድኩት የሰውነትን አቀማመጥና የትንፋሽ ልምምዱን ነው። ዜማ አላስደግምም፣ የጸሎት ቃል አላስገባም፣ ምስል በግድግዳ ላይ የለም። አቀማመጦቹን የምጠራቸው በሚሠሩት ሥራ ነው፤ “ጎን መክፈቻ”፣ “ዳሌ መፍቻ”። ይህን ሁሉ ተናግሬ፣ ከአባታቸው ወይም ከሼኻቸው ጋር ተመካክረው እንዲወስኑ እተዋለሁ። ተመልሰው ያልመጡ አሉ፤ አልከፋባቸውም። ሐጃዋ ግን እስካሁን አልቀሩም።

አንድ ነገር ደግሞ አልወድም። አንዳንድ ሰዎች እኔን ለመርዳት ብለው “ሶላትም እኮ ዮጋ ነው፣ ስግደትም ዮጋ ነው” ይላሉ። አይደለም። ሶላት ሶላት ነው፣ ስግደትም ስግደት ነው፤ ሰው በፈጣሪው ፊት የሚወድቅበትን ሰዓት የጉልበት ልምምድ ብሎ መጥራት ማራከስ ነው። እኔ የምናገረው የማየውን ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመሬት እየተነሡ የሰገዱ አዛውንት ቁርጭምጭሚታቸው ይታጠፋል፣ ዳሌያቸው ይወርዳል፣ ሳይደገፉ ይነሣሉ። በብራዚል በክላውዲዮ አራውዦ የተመራ ቡድን ከ51 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውን 2,002 ሰዎች ከመሬት ተቀምጠው እንዲነሡ አድርጎ፣ በእጅም ሆነ በጉልበት ሳይደገፉ የቻሉት በቀጣዮቹ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አስታውቋል። መነሣቱ ራሱ ዕድሜ ያረዝማል ማለት አይደለም፤ ጉልበት፣ ሚዛንና መተጣጠፍ አብረው መኖራቸውን የሚያሳይ ምልክት ነው። ከሶፋ ላይ የሚውሉት ልጆቻቸው ይህን ሲያጡ አያለሁ፤ ወላጆቹ በዱካ ላይ ተቀምጠው ሦስት ስኒ ቡና ይጠጣሉ፣ የሠላሳ ዓመቱ ልጅ ለመነሣት ጠረጴዛ ይይዛል።

በረመዳንና በዐቢይ ጾም ክፍሉን አልዘጋም፣ እለውጠዋለሁ። ባዶ ሆድ ለዮጋ ችግር አይደለም፤ ከምግብ በኋላ ወዲያው መሥራት ነው የማይመከረው። ችግሩ ውኃ ነው። ስለዚህ የሚያልብ ነገር ሁሉ ይቀራል፣ ተኝተን የምንሠራው ይበዛል፣ ከተኙበት ድንገት መነሣት ክልክል ነው፤ ደም ግፊት ይወርድና ያዞራል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በጾም ሳሉ እንዳይመጡ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ሐኪማቸው ከፈቀደ ካፈጠሩ በኋላ ሌላ ሰዓት አለን።

በጭንቅላት መቆም አላስተምርም። ወጣቶቹ ይጠይቁኛል፣ ፎቶው ያምራልና። አንገት ሰባት ትንንሽ አጥንቶች ነው፤ የተሠራው ጭንቅላትን ለመሸከም እንጂ ገላን ሁሉ ለመሸከም አይደለም። ደም ግፊት ያለበት፣ የዓይን ግፊት ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት በአንድ ክፍል ተቀላቅለው ሳሉ ለሦስት ወጣቶች ፎቶ ብዬ አልሞክረውም። “ዲስክህ ተንሸራቷል” የተባለ ሰው ደግሞ ውጤቱን ይዞ ይምጣ፤ እግሩ እየደነዘዘ፣ እየደከመ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር እያቃተው ከሆነ ግን ቦታው ሆስፒታል ነው፣ ያውም በዚያው ቀን።

አሁን ልቤን የያዘው ሌላ ሥራ ነው። በደሴ የኪነት ቡድኖች ውስጥ ወጣትነታቸውን የሰጡ፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ ከመድረክ የወረዱ ሴቶች አሉ። ገላ ማየት የሚያውቁ፣ ምት የሚይዙ፣ የሕዝቡን ትከሻ ቋንቋ የሚናገሩ ሴቶች ናቸው። ይህን ሙያ ለመስጠት ከእነርሱ የተሻለ ሰው አላገኝም። ሁለቱ ጀምረዋል። ማንንም ከማስተማራቸው በፊት እንቅስቃሴ አላስጠናቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን አጥንት እንቆጥራለን፤ ሰባት የአንገት፣ አሥራ ሁለት የደረት፣ አምስት የወገብ። በራሳቸው ገላ ላይ በጣታቸው ይፈልጉታል፣ ከዚያ አንዷ የሌላዋን የጎን አጥንቶች ይዛ ትንፋሿን ታዳምጣለች፣ የትኛው ጎን እንደዘገየ ትነግረኛለች። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ በባልደረባዋ ላይ የግራው ጎን ከቀኙ ዘግይቶ እንደሚከፈት አገኘች። ልጅቷ ከዓመታት በፊት ከመድረክ ወድቃ በዚያ በኩል የጎን አጥንቷ ተሰብሮ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረችን። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ጎን እንጀምራለን።